ያላስጨረስኩት ደዋይ

ባለፈው ወር ልጄ ልዲያ የመጨረሻውን የሬዲዮ ፕሮግራሜን ቅጂ ኮምፒውተሯ ላይ ከፍታ አሰማችኝ። አንድ ሰዓት የነበረው አርባ ስምንት ደቂቃ ሆኗል። ምኑ እንደጎደለ ጠየቅኋት።

«ምንም አልጎደለም ማሚ» አለችኝ። «ዝም የተባለበትን ብቻ ነው ያወጣው። እኔ እንኳ አይደለሁም፣ ሶፍትዌሩ ራሱ ነው። አሁን ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚሠራው። ፖድካስት ላይ ዝምታ ቦሪንግ ነው።»

ደነገጥኩ። ልጄ ደግ ነገር እንዳደረገች ስላወቅሁ አመሰገንኳት። ነገር ግን አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁት ሥራ ያ የወጣው አሥራ ሁለት ደቂቃ ነበር። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት በዚያ ምክንያት ነው።

ከሆሳዕና ነው የመጣሁት። አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው፤ ቤታችን የሚነገረው ሌላ ነበር። ጆሃንስበርግ ስደርስ ግን ከወላይታውም ከጉራጌውም ከአዲስ አበባውም ጋር የሚያገናኘኝ አማርኛ ሆነ። ከከተማው አጠገብ ባለችው ጀርሚስተን መሀል ከባለቤቴ ጋር መጋረጃና ብርድ ልብስ እንሸጥ ነበር። እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ የማነበው እኔ ነበርኩ።

አንድ እሑድ ከአምልኮው በኋላ ሽበታም ሰው በር ላይ ጠበቀኝ። ጋሽ መኮንን ይባላል። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ሬዲዮ ውስጥ ሠርቷል። እዚህ ደግሞ አንድ አነስተኛ የማኅበረሰብ ጣቢያ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በአማርኛ የሚተላለፍ አንድ ሰዓት ሰጥቶታል። እሱ ኦርቶዶክስ ነው፤ እኛ ቤተ ክርስቲያን የመጣው ድምፅ ፍለጋ ነበር።

«አንቺ አትቸኩይም» አለኝ። «ሌላው ሁሉ እየሮጠ ነው የሚያነበው። ቅዳሜ ነይ።»

ሄድኩ። ደሞዝ የሚባል አልነበረም፤ የታክሲ ይሰጠኝ ነበር። የጣቢያው መግቢያ ወረቀቴም ሦስት ዓመት ሙሉ «ጎብኚ» እንዳለ ኖረ።

በመጀመሪያ የምናነበው ዜና ነበር። ዜናችን አንድ ዓይነት ነው። እገሌ ሱቁ ተዘረፈ። እገሌ ተመታ። የእገሌ አስከሬን ወደ አገር ቤት ሊሸኝ ነው። የመኖሪያ ወረቀት ማሳደሻው ቢሮ ተዘግቷል። ደዋዮቹም ደውለው የቀረውን ይጨምሩልናል። አንድ ቅዳሜ የሟቾችን ስም አንብቤ እንደጨረስኩ አንዲት ሴት ደወለች።

«እህት አልማዝ፣ ሌላ የለም?» አለችኝ።

«ዜናው አልቋል እህቴ።»

«ዜና አይደለም። ሌላ ነገር።»

ጋሽ መኮንን ማይክሮፎኑን ወደ ራሱ ሳበና «እስቲ አንቺ ንገሪን። ዛሬ ምን ደስ አለሽ?» አላት።

የሞቱ ሰዎችን ስም ካነበብኩ ገና ሁለት ደቂቃ አልሆነም። ሴትዮዋም ዝም አለች። ያ ዝምታ አስጨነቀኝና ልናገር አፌን ከፈትኩ። ጋሽ መኮንን መዳፉን ጠረጴዛው ላይ እንደዘረጋ አንድ ጣቱን ብቻ አነሣ። ዝም በይ ማለቱ ነው። ጠበቅን። ሴትዮዋ መተንፈሷ ይሰማል።

«ልጄ ጥርስ አበቀለ» አለች በመጨረሻ። «ታች በኩል። ጠዋት ነከሰኝ።» ከዚያ ሳቀች።

የስልኮቹ መብራት በሙሉ በራ። ሲፖ፣ ከመስታወቱ ማዶ ስልክ የሚቀበለው ዙሉ ባለሙያ፣ አማርኛ አያውቅም፤ ምን ሆናችሁ በሚል እጁን ዘረጋ። ያን ቀን ሰዓቱ ሲያልቅ ገና ወረፋ የያዙ ነበሩ።

ተቃውሞው ወዲያው መጣ። ወንድም ጴጥሮስ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ «ሰው እየሞተ እናንተ ደስታ ትጠይቃላችሁ?» አለኝ። እኔም ልቤ ከሱ ጋር ነበር። ሳምንቱን ጸለይኩበት። ለጋሽ መኮንን ስነግረው አልተቆጣም።

«ክፉውን ሳንጠይቃቸው ይነግሩናል፤ ይንገሩን፣ እንሰማለን» አለ። «ደጉን ግን ማን ጠይቋቸው ያውቃል?»

ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ አንድ ጥያቄ ብቻ ሆነ። እንግዳ አንጋብዝም፤ ምክር አንሰጥም። ዛሬ ምን ደስ አለህ፣ ምን ደስ አለሽ። መልሱ የአድማጩ ነው።

ያስደነገጠኝን ሁሉ ብጽፍ አያልቅም። ቮስሎሩስ ከሚባለው ሰፈር የደወለ አንድ ባለሱቅ በዚያ ሳምንት ሽጉጥ ተደግኖበት ተዘርፏል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዝርፊያው የሚናገር መስሎኝ ስጠብቅ፣ የሰፈሩ አሮጊት፣ ደንበኛው፣ በማግሥቱ በሱቁ ፍርግርግ በኩል ምግብ በሳህን እንዳስገባችለት ነገረን። «ፓፕ የሚሉት የበቆሎ ገንፎና ጎመን ነው። ቆማ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ሳህኗን ፈልጋ መስሎኝ ነበር። ለካ መብላቴን ልታይ ነው» አለ። ይኸው ሰው ከዓመት በኋላ ያለኝ ደግሞ ከልቤ አይወጣም፦ «እህት አልማዝ፣ ቅዳሜ የምነግርሽ እንዳላጣ ሳምንቱን ሙሉ ስፈልግ ነው የምውለው።» ይህን ሰው ከፍርግርግ ውጭ የሚያየው የለም። ሱቁ ውስጥ ይሠራል፣ እዚያው ይተኛል። እየፈለገ ግን ይውላል። የደስታ ፕሮግራም ምን ይጠቅማል ለሚለኝ ሰው ሌላ መልስ የለኝም።

ሥራውን ያስተማረኝ ጋሽ መኮንን ነው። ስቱዲዮ ሲገባ ጫማውን ያወልቃል፤ ወለሉ እንዳይንቋቋ። ሰው ሲናገር እስክሪብቶ አይዝም። «እስክሪብቶ ከያዝሽ የራስሽን ንግግር እያዘጋጀሽ ነው» ይለኛል። ደዋዩን «ሬዲዮህን ቀንስ» ከማለት በቀር የሚያዘው ነገር የለም። ባለሱቅ እያወራ ደንበኛ ቢመጣበት መስመሩን አይቆርጥም፤ ዳቦው ሲሸጥ፣ ሰላምታው ሲለዋወጥ አድማጩ ሁሉ ይሰማል። በኋላ ሰዎች ይህንን ከወሬው በላይ ወደዱት። ሕዝቡ ቤቱ ሆኖ «ስኳር ነው የገዛችው፣ የለም ሻማ ነው» እያለ ይከራከር ነበር አሉ።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ደብተሩ ነው። ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ የእያንዳንዱን ደዋይ ስም ይጽፋል። ከስሙ አጠገብ ደዋዩ የተናገረውን ሳይሆን የቆመበትን ይጽፋል። ድምፁ የተሰበረበትን፣ ደንበኛ ያቋረጠውን፣ መስመር የተቆረጠበትን ቃል።

«ለምንድን ነው?» አልኩት።

«ተመልሶ ሲደውል ከዚያ እንድንቀበለው» አለ።

ደዋይ ተመልሶ ሲደውል፣ ወር ቆይቶም ቢሆን፣ ያን ቃል ያነሣለታል። «የቀለም ባልዲው ጋ ነበርን» ይለዋል። ሰውየው ይደነግጣል፤ ከዚያ ይቀጥላል። እኔም ደብተር ገዛሁ።

ጋሽ መኮንን ኩላሊቱ ታምሞ ቤት ከዋለ በኋላ ፕሮግራሙን ብቻዬን ያዝኩ። በዚያን ጊዜ ከደዋዮቻችን የሚወደደው ማርቆስ ነበር። ኦሬንጅ ፋርም ውስጥ ሱቅ አለው፤ ከከተማው ወደ ደቡብ እጅግ ሩቅ ነው። የኔው አገር ልጅ ነው። አንድ ቅዳሜ አይቀርም። «እህት አልማዝ፣ ድምፅሽ ምነው ዛሬ? ሰባኪው በረጅሙ አስጸልዮሽ ነው?» እያለ ይጀምረኛል። የሚያወራው ሁልጊዜ ስለ እናቱ ነው። እናቱ እገሌን እንዲህ አለችው፣ ዶሮዋን እንዲህ አደረገቻት። አድማጩ ሁሉ ሴትዮዋን ያውቃታል፤ «የማርቆስ እናት ደህና ናት?» ብለው የሚደውሉ ነበሩ።

አንድ ዓርብ ወንድም ጴጥሮስ ደወለልኝ።

«የማርቆስ እናት አርፋለች። ማክሰኞ ነው። ወንድሙ ለእኛ ነገረን። እሑድ በማለዳ ሄደን እናረዳዋለን፣ አንቺ ሴቶቹን ይዘሽ ነይ» አለኝ። ቀጥሎ «ደግሞ አደራ፣ ነገ በሬዲዮ ከማንም አፍ እንዳያመልጥ» አለ።

መርዶ በእኛ ዘንድ በስልክ አይነገርም። ሰው ብቻውን ሆኖ አይሰማውም። ሰው ተሰብስቦ፣ ቤቱ ተሄዶ፣ ዙሪያውን ተይዞ ነው። ይህ ትክክል እንደሆነ ያን ጊዜም አምን ነበር፤ ዛሬም አምናለሁ።

ቅዳሜ የፈራሁት ሌላ ሰው ደውሎ «ነፍስ ይማር» እንዳይል ነበር። ማርቆስ ራሱ ይደውላል ብዬ ለምን እንዳላሰብኩ አላውቅም። ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ሲፖ በመስታወቱ ወረቀት አሳየኝ። «ማርቆስ፣ ኦሬንጅ ፋርም» ይላል። ራሴን ብነቀንቅ ሲፖ መስመሩን ይዘጋው ነበር። እጄ ግን ለዓመታት እንደለመደው መስመሩን ከፈተው።

«እህት አልማዝ፣ ሬዲዮዬን ቀንሻለሁ፣ እንዳትቆጪኝ።»

«ወንድም ማርቆስ» አልኩ። «ዛሬ ምን ደስ አለህ?»

«እናቴ ነቻ። ዛሬ ስደውል ተኝታለች አሉኝ። ትተኛ አልኩ። ብቻዬን ሆኜ ግን እሷን ሳስብ ሳቄ መጣ። በቪዲዮ ስደውልላት ታውቂያለሽ እንዴት እንደምታደርግ? ስልኩን ጆሮዋ ላይ ትለጥፈዋለች። እኔ የማየው ጆሮዋን ብቻ ነው። ከጉትቻው ቀዳዳ ጥቁር ክር አስራለች፣ ያንን ክር አያለሁ። ‹እማዬ፣ ፊትሽን አሳዪኝ እንጂ› እላታለሁ። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው—»

ስልኮቹ በሙሉ እየበሩ ነው። እያንዳንዱ መብራት ነገሩን የሚያውቅ ሰው መሰለኝ።

«እናትህን ጌታ ይባርክልን» አልኩ። «ወንድም ማርቆስ፣ ሰዓት አልቆብናል።» መዝሙር ከፈትኩ።

ሰዓቱ ገና ወደ አርባ ደቂቃ ይቀረው ነበር። ይህን የሰማ ሁሉ ያውቃል።

መዝሙሩ እየተሰማ ጋሽ መኮንን ከቤቱ ደወለ። ስለ ዋሸሁት የሚቆጣኝ መሰለኝ።

«የት ላይ ቆመ?» አለኝ።

«‹ምን ብትለኝ ጥሩ ነው› ላይ።»

«ጻፊው» አለና ዘጋ።

ጻፍኩት። ለምን እንዳለኝ ግን አልገባኝም። በዚያው የብርድ ወራት አረፈ፤ አልጠየቅሁትም።

እሑድ በማለዳ በሦስት መኪና ኦሬንጅ ፋርም ሄድን። ማርቆስ ሱቁን ከፍቷል። እኔ ቀድሜ ወረድኩ። በፍርግርጉ በኩል አየኝና ፊቱ በራ።

«እህት አልማዝ፣ እስከዚህ ድረስ? ሰዓት አልቆብናል ብለሽ አባርረሽኝ፣ ልታስጨርሺኝ መጣሽ?» አለ እየሳቀ።

ከዚያ ከኋላዬ ወንድም ጴጥሮስን አየ። ሴቶቹን አየ፤ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁበትን አለባበስ። ሳቁ ከፊቱ ሳይጠፋ ዓይኑ ተለወጠ። በሕይወቴ ብዙ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ፊት ግን አላየሁም። ማንንም አልጠየቀም። እኔን ብቻ እያየ፣

«ትናንት ታውቂ ነበር» አለኝ።

ወንዶቹ ገብተው ያዙት።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት አልደወለም። ሦስት ጊዜ ሱቁ ድረስ ሄጃለሁ። ለስላሳ ይከፍትልኛል፣ ስለ ልዲያ ይጠይቀኛል፣ ለጎረቤቱ አሮጊት በዙሉ «ሳውቦና ጎጎ» ብሎ ሰላምታ እየሰጠ ዳቦ ይሸጣል። «ይቅር በለኝ» ስለው «ምንም አይደል» ይለኛል። ስለ እናቱ ግን አንድ ቃል አይናገርም። እናቱን አውርቶ የማይጠግብ ሰው በእኔ ምክንያት አፉ ተዘጋ ብዬ አለቀስኩ። ደስታን እየጠየቅሁ ሰው ዋሸሁ ብዬ ሥራውን ልተው ነበር። ያስቀረችኝ አንዲት ደዋይ ናት። «እህት አልማዝ፣ ዛሬ ደስ ያለኝ ማልቀስ መቻሌ ነው፣ ይህም ፕሮግራሙ ውስጥ ይገባል?» አለችኝ። «ይገባል» አልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ገባ። ፕሮግራሙ ከዚያ በኋላ የተሻለ ይመስለኛል።

በዚህ ዓመት ጣቢያው አዲስ አስተዳደር መጣለት፤ ሰዓቱን ለሌላ ፈለገው። ስልክ ላይ የሚሰማው ሰው ስለበዛ ሬዲዮ የሚከፍት ቀንሷል አሉኝ። ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። የስንብት ደብዳቤዬ ሁለት መስመር ነበር፤ ስሜን ግን በትክክል ጽፈውታል። አመሰገንኳቸው።

በመጨረሻው ቅዳሜ ብዙ ሰው ደወለ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ሲፖ ከወንበሩ ተነሥቶ ወረቀቱን በሁለት እጁ መስታወቱ ላይ ለጠፈው። «ማርቆስ፣ ኦሬንጅ ፋርም።»

ከፈትኩት።

«እህት አልማዝ። ሬዲዮዬን ቀንሻለሁ።»

«ወንድም ማርቆስ» አልኩ። ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ መናገር የፈለግሁትን ተናገርኩ። «እናትህ ማረፏን እያወቅሁ ስላልነገርኩህ፣ ሕዝቡ በሙሉ እየሰማ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።»

«እሱን ተዪው» አለ። «መርዶ በስልክ አይነገርም። እኔም ለሰው ደብቄ አውቃለሁ። እሱ አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ሰዓት አልቆብናል አልሽኝ። አላለቀም ነበር።»

ሦስት ዓመት ሙሉ በሌላ ነገር ንስሐ ስገባ ኖሬያለሁ።

«ታውቂ ከነበር» አለ ማርቆስ፣ «ስለ እሷ በሕይወት እንዳለች አድርጌ የማወራበት የመጨረሻው ቀን መሆኑን ታውቂያለሽ። እኔ አላውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ። ያን ቀን ልታስጨርሺኝ ይገባ ነበር።»

ይህን የተናገረው ያለ ቁጣ ነው። ደብተሬ ከፊቴ ነበር። መግለጥ አላስፈለገኝም።

«‹ምን ብትለኝ ጥሩ ነው› ጋ ነበርን» አልኩት።

«ቆይ» አለ። ደንበኛ መጥቷል። አንዲት ሴት ዳቦና ክብሪት ገዛች፤ መልሷን ሰጣት፤ ተሰነባበቱ። ሲፖ ሰዓቱን አመለከተኝ። መዳፌን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አንድ ጣቴን አነሣሁ። ሲፖ ጋሽ መኮንንን ያውቀዋል፤ ቁጭ አለ።

«መጣሁ» አለ ማርቆስ። «ጆሮዋ ላይ ለጥፋዋለች ብዬሻለሁ። ‹እማዬ፣ ፊትሽን አሳዪኝ እንጂ› እላታለሁ። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹ፊቴን ምን ያደርግልሃል? ፊቴን ታውቀዋለህ። ይልቅ አውራ፤ አንድም ቃል እንዳታመልጠኝ ነው የለጠፍኩት።›»

ሳቀ። ያ የድሮ ሳቁ ነበር። «ደስ ያለኝ ይሄ ነው» አለ።

ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን። እሱ መስመሩን አልዘጋም፤ እኔም አልዘጋሁም። ሱቁ ውስጥ ማቀዝቀዣው ሲያጉረመርም ይሰማል። ዘጠኝ ሰዓት ሞላና ሲፖ የመዝጊያውን ሙዚቃ ቀስ አድርጎ ከሥሩ አስገባው። ልዲያ ለክታዋለች፤ አንድ ደቂቃ ከአራት ሰከንድ ነው። ሶፍትዌሩ በሙሉ አውጥቶታል።

ያን ቀን ቤት ስገባ እንደ ልማዴ ደብተሬን ከፍቼ «ማርቆስ፣ ኦሬንጅ ፋርም» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ የቆመበትን ልጽፍ ነበር። እስክሪብቶ ይዤ ቆየሁ። ጨርሷል። ባዶውን ተውኩትና ጌታን አመሰገንኩ።

ልዲያን አጠገቤ አስቀምጬ ያልተቆረጠውን አሰማኋት። ዝምታው ላይ ስንደርስ ስልኳ ጠራ፤ አላነሣችውም። ሲያልቅ፣

«ማሚ፣ እዚህ ጋ ሰው ይዘጋዋል እኮ» አለች።

«ይዝጋው» አልኳት።

ኮምፒውተሯን ሳበችና የወጣውን ዝምታ ሁሉ ወደ ቦታው መለሰችው።